ላፕቶፕን ሳይበላሽ ስለ ማጽዳት

በዚህ በቤተ ሰብ ዓምዳችን ስለ ቤት ዕቃ አያያዝና ስለ ንጽሕና አጠባበቅ በየጊዜው እንጽፋለን። ዛሬ ደግሞ ከመሥሪያ ቤት ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ መሥሪያ ቤት ስለሚመላለሰው፣ ለባለሥልጣኑም ለተማሪ ልጁም የዘወትር የሥራ መሣሪያ ስለ ሆነው ስለ ላፕቶፕ ኮምፒዩተር ጥቂት ቃል ለመጻፍ አስበናል። ነገሩ ለአንዳንዱ ሰው ትንሽ መስሎ ይታየው ይሆናል። ዳሩ ግን ትንሽ ነገር የሚያመጣውን ጉዳት እኛ ራሳችን አይተነዋልና፤ ለሌላው ከመምከራችን አስቀድመን የገዛ ስሕተታችንን እንናገራለን።

በ2012 ዓ.ም. መጋቢት 4 ቀን የኮሮና በሽታ በአገራችን መገኘቱ ከተነገረ በኋላ፣ በየመሥሪያ ቤቱ እጅንም ዕቃንም በመድኃኒት ማሸት የዕለት ተግባር ሆኖ ነበር። በዚያን ጊዜ እናገለግልበት በነበረው ጽሕፈት ቤት እኛም ለጥንቃቄ ያደረግነው መስሎን፣ ለእጅ ማሻ የተሠራውን ሳኒታይዘር በላፕቶፑ ፊደሎች ላይ በቀጥታ እየረጨን በሶፍት ወረቀት እናሽ ነበር። ፊደሎቹ ለጊዜው አብረቀረቁ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ግን በውስጣቸው የቀረው ርጥበት አቧራውን እየሳበ አጣበቃቸው። አንዱ ቁልፍ ተጭነነው ቶሎ አይመለስም፤ ሌላው ሦስት ጊዜ ተነክቶ ሁለት ጊዜ ብቻ ይጽፋል።

ከዕለታት አንድ ቀን ባላቸው የሞተባቸው አንዲት እናት ከውርስ ለሚደርሳቸው ድርሻ የተሰጠውን ውሳኔ ገልብጠን አወጣን። ገንዘቡ 15000 ብር ነበር። መጠኑን በቁጥርም በፊደልም መጻፍ ሲገባን፣ ሥራው ስለ በዛብን በቁጥር ብቻ አስቀመጥነው። ወረቀቱን ስናነብላቸው እኒያ እናት በጸጥታ ሰምተው ሲያበቁ፣

«ልጄ፣ እስቲ ገንዘቡን እንደ ገና አንብብልኝ» አሉ።

ደግመን ስናነበው 1500 ብር የሚል ሆኖ አገኘነው።

«አይደለም። ዳኛው በአንደበታቸው የተናገሩት አሥራ አምስት ሺህ ነው። እኔ ማንበብ ባልችል መስማት እችላለሁ» አሉን።

«እውነትዎን ነው፣ እናቴ፤ ጥፋቱ የእኛ ነው» ብለን መዝገቡን ብናይ እንዳሉት ሆነ። የዜሮው ቁልፍ ተጣብቆ አንዱን ዜሮ ሳይጽፍ አልፎት ኖሯል። ማኅተም ገና ስላላረፈበት ወረቀቱን ወዲያው አረምነው። እኒያ እናት ባይጠይቁ ኖሮ ግን የልጆቻቸው እንጀራ በአንድ የቆሸሸ ቁልፍ ምክንያት ሊቀንስ ነበር። ጽሑፉን ሳናመሳክር ማውጣታችን የራሳችን ጉድለት ነው፤ በመኪናው አናመካኝም። ነገር ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ የመጻፊያውን ንጽሕና ከጽሑፉ እውነት ለይተን አናየውም።

በልጅነታችን በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ሳለን የብራና መጽሐፍ በማኅደሩ ሆኖ ከግድግዳ ይሰቀል ነበር፤ ቅባት በነካው እጅ የሚገልጠውን ልጅም የኔታ ይገሥጹት ነበር። ኋላም በሚስዮን ትምህርት ቤት ያገኘነው የጽሕፈት መኪና የራሱ ሽፋንና የራሱ ብሩሽ ነበረው፤ ሥራ ሲያበቃ ሳይቦረሽና ሳይሸፈን አያድርም። እንግዲህ የመጻፊያን ዕቃ በክብር መያዝ ለአገራችን ሰው አዲስ ነገር አይደለም። አዲስ የሆነው የዕቃው ጠባይ ነው። የብረት መኪና ሲቆሽሽ በላምባ ቢታሽ ይችለዋል፤ ላፕቶፕ ግን አይችለውም።

ምክንያቱንም በአጭሩ እንገልጣለን። በላፕቶፕ የፊደል ገበታ፣ ማለት ኪቦርድ በሚባለው፣ ከእያንዳንዱ ቁልፍ በታች ቁልፉን ወደ ላይ የሚመልስ ትንሽ የጎማ ቆብ አለ፤ ከዚያም በታች የኤሌክትሪክ መስመር የተሣለባቸው ስስ ንጣፎች ተነባብረዋል። ጣት ቁልፉን ሲጫን መስመሮቹ ይነካካሉ፤ ፊደሉም ይጻፋል። ፍርፋሪ በመካከል ሲገባ መነካካት የሚገባቸው ሳይነካኩ ይቀራሉ፤ ፈሳሽ ሲገባ ደግሞ መነካካት የማይገባቸው ይገናኛሉ። ከዚህ ሁሉ ሥር፣ በጣት ውፍረት በማይሞላ ስፍራ፣ የመኪናው አንጎልና ባትሪው ይገኛሉ። ስለዚህ በፊደሎቹ ላይ የፈሰሰ ጠብታ መንገዱ አጭር ነው።

ስለ ፊደላችንም አንድ ነገር እንጨምራለን። ኢንጂነር አያና ብሩ ፊደላችንን በጽሕፈት መኪና ላይ ለማዋል ከደከሙበት ዘመን ጀምሮ ችግሩ አንድ ነው፤ ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት እስከ ሳብዕ ሲዘረዘሩ 231 ይሆናሉ፤ የመኪናው ቁልፎች ግን ጥቂቶች ናቸው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1999 ዓ.ም. የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም የፊደላት መዝገብ ከገባ ወዲህ በየኮምፒዩተሩ ያለ ችግር ይነበባል፤ ሆኖም ብዙዎቻችን የምንጽፈው በድምፅ አጻጻፍ ስለ ሆነ አንዱን ፊደል ለማውጣት አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ቁልፍ እንነካለን፤ ሁለተኛውም አናባቢው ነው። ስለዚህ በአማርኛ ጸሐፊ ላፕቶፕ ላይ ቀድመው የሚቆሽሹትና የሚያረጁት የአናባቢዎቹ ቁልፎች ናቸው። ሲያጸዱ እነርሱን አስቀድሞ መመልከት ይገባል።

እዚህ በመንጌ በበጋ ወራት ቀዩ አቧራ በመስኮትም በበርም ይገባል፤ ጧት የተጠረገ ጠረጴዛ ከሰዓት በኋላ በጣት ሊጻፍበት ይችላል። በወንዙ ዳር ወርቅ የሚያጥቡ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን አፈሩን በገበቴ አድርገው በውሃ እያወዛወዙ፣ ውሃው አፈሩን ወስዶ ወርቁን እንዲተውላቸው ያደርጋሉ። ብልሃታቸው የሚደነቅ ነው፤ ለላፕቶፕ ግን ትእዛዙ የተገላቢጦሽ ነው። አቧራው አስቀድሞ በደረቁ መውጣት አለበት። ውሃ ከቀደመ አቧራው ጭቃ ይሆንና በቁልፎቹ ሥር ይተኛል። ሁለተኛውም ትእዛዝ ከዚህ የሚከተል ነው፤ ፈሳሽ ወደ ጨርቁ ይሂድ እንጂ ወደ መኪናው አይሂድ። ከዚህ በታች የምንዘረዝረው ሁሉ የእነዚህ የሁለቱ ትእዛዛት ማብራሪያ ነው።

አንደኛ፤ ላፕቶፑን ፈጽሞ ማጥፋት ነው። ክዳኑን መዝጋት ብቻ ማጥፋት አይደለም፤ መኪናው ተኝቶ ይቆያል እንጂ ኤሌክትሪኩ በውስጡ ይመላለሳል። ከጠፋ በኋላ ቻርጀሩን፣ ፍላሹን፣ ማውሱንና ሌላውንም የተሰካውን ሁሉ መንቀል ያስፈልጋል። ባትሪው ከውጭ የሚወልቅ ዓይነት ከሆነ ይወልቃል፤ የማይወልቅ ከሆነ ግን መኪናውን ፈትቶ ባትሪ ማውጣት የቤት ሰው ሥራ አይደለም። ሲሠራ ቆይቶ የጋለም እንደ ሆነ እስኪበርድ መታገሥ ነው።

ሁለተኛ፤ አቧራውንና ፍርፋሪውን በደረቁ ማውጣት ነው። ላፕቶፑን ከፍቶ፣ በሁለት እጅ አጥብቆ ይዞ፣ አዘንብሎ ከኋላው በመዳፍ ቀስ ብሎ መታ መታ ማድረግ ነው። ከዚያም አዲስና ለስላሳ ብሩሽ፣ የቀለም ብሩሽም ቢሆን የጥርስ ብሩሽም ቢሆን፣ በቁልፎቹ መካከል ወደ አንድ አቅጣጫ እያስኬዱ ማራገፍ ነው። በቆርቆሮ የታመቀ አየር የሚያገኝ ሰው ቆርቆሮውን ቀጥ አድርጎ ይዞ ለአጭር ለአጭር ጊዜ ብቻ ይንፋ፤ ቆርቆሮው ከተዘቀዘቀ እጅግ የቀዘቀዘ ፈሳሽ ይተፋልና። አፕል የሚባለው ኩባንያ ለአንዳንዶቹ መኪናዎቹ በሰጠው ምክር፣ ላፕቶፑን 75 ዲግሪ ያህል አዘንብሎ ከግራ ወደ ቀኝ መንፋት፣ ቀጥሎም መኪናውን በሌላው ጎኑ አዙሮ እንዲሁ ማድረግ ይገባል ይላል። በአፍ እፍ ማለት ግን ምራቅ ስለሚያስገባ መልካም አይደለም። የቤት ምንጣፍ የሚጠርግ የኤሌክትሪክ መጥረጊያም ለኤሌክትሮኒክስ ዕቃ የሚጎዳ የኤሌክትሪክ ብልጭታ ሊፈጥር ስለሚችል ከዚህ ይራቅ።

ቁልፎቹን በቢላ ወይም በጥፍር ፈንቅሎ ማውጣት የሚወድ ሰው አይታጣም። በጠረጴዛ ኮምፒዩተር ኪቦርድ አንዳንድ ጊዜ ይቻል ይሆናል፤ የላፕቶፕ ቁልፍ ግን ከሥሩ እንደ መቀስ የተጠላለፈ ቀጭን ፕላስቲክ ስላለው በቀላሉ ይሰበራል። ከተሰበረም እንደ ቀድሞው አይገጥምም። የሚጣበቅ ቁልፍ በብሩሽና በጨርቅ ካልተስተካከለ ለባለሙያ መስጠት ይሻላል።

ሦስተኛ፤ የፊደሎቹን ፊት ማበስ ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው መነጽር የሚወለወልበትን የመሰለ፣ ማይክሮፋይበር የሚባል ክር የማይጥል ለስላሳ ጨርቅ ነው። ሶፍት ወረቀትና ሻካራ ፎጣ ይቧጭራሉ፤ ብናኝም ይተዋሉ። ጨርቁን በንጹሕ ውሃ ነክሮ ጠብታ እስከማይወጣው ድረስ መጭመቅ፣ ከዚያም ሳይጫኑ ቁልፎቹን በየተራ ማበስ ነው። ቅባቱ በውሃ እንቢ ያለ እንደ ሆነ 70 ከመቶ የሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል ጨርቁን በጥቂቱ አርሶ መጠቀም ይቻላል። አፕልና ኤችፒን የመሰሉ ሠሪዎች ይህንን ለጠንካራው ገጽ ፈቅደዋል፤ ሆኖም የእያንዳንዱ መኪና መመሪያ ልዩ ልዩ ስለ ሆነ አስቀድሞ እርሱን ማየት ይገባል። በቁልፎቹ መካከል ያለው እድፍ በጆሮ መጥረጊያ ጥጥ ጫፍ፣ እርሱም ርሶ ከተጨመቀ በኋላ፣ ይለቃል።

አልኮል ቶሎ በእሳት ይያያዛል። በቤታችን ቡና በሚፈላበት፣ ከሰል በሚቀጣጠልበትና ዕጣን በሚጤስበት ስፍራ አልኮል ከፍቶ ማስቀመጥ ትልቅ አደጋ ነው። መስኮት ተከፍቶ፣ ከእሳት ርቆ፣ ሕፃናት በሌሉበት መሠራት አለበት።

አራተኛ፤ ከፊደሎቹ በታች ያለው፣ ታችፓድ የሚባለው በጣት የሚዳሰስ ሰሌዳ ነው። ይህ ሰሌዳ የጣትን መኖር የሚያውቀው በክብደቱ አይደለም፤ ጣት ሲቀርበው በላዩ ያለው የኤሌክትሪክ ሁኔታ ስለሚለወጥ ነው። ስለዚህ ውሃ ወይም ላብ ሲያርፍበት ጣት ያለ ይመስለውና በስክሪኑ ላይ ያለው ቀስት ያለ ትእዛዝ ይሮጣል፤ ቅባት ሲደርብበት ደግሞ ይዘገያል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ መኪናው የተበላሸ መስሎት ወደ ጠጋኝ ይወስደዋል፤ መድኃኒቱ ግን ብዙ ጊዜ ርጥብ ጨርቅና ከእርሱም ቀጥሎ ደረቅ ጨርቅ ነው። በዙሪያው ባለው ስንጥቅ የተጠራቀመውን እድፍ በእንጨት ስቴኪኒ ጫፍ፣ ሳይጫኑ፣ ወደ ውጭ እየጠረጉ ማውጣት ይቻላል። መርፌና የብረት ጫፍ አይነካውም።

አምስተኛ፤ የውጭው አካል ነው። ክዳኑ፣ ጎኑና ሆዱ በዚያው በተጨመቀ ጨርቅ ይታበሳሉ። የጎን ቀዳዳዎች፣ ማለት ቻርጀርና ፍላሽ የሚገቡባቸው፣ በደረቅ ብሩሽ ብቻ ይጠረጋሉ፤ ርጥብ ነገር ፈጽሞ አይገባባቸውም። የነፋስ መውጫዎቹን በተለይ እናስታውሳለን። መኪናው የሚበርደው በእነርሱ ስለ ሆነ አቧራ ሲዘጋቸው ይግላል፤ ማራገቢያው ይጮኻል፤ ሥራውም ይዘገያል። ላፕቶፕን በአልጋ ልብስ ወይም በፍራሽ ላይ አኑሮ መሥራትም ይህንኑ የነፋስ መንገድ ይዘጋል። ስክሪኑ ግን ከሁሉ የሚስስ ነው። በደረቅ ማይክሮፋይበር፣ ካስፈለገም በውሃ ብቻ በትንሹ በረጠበ ጨርቅ፣ ከላይ ወደ ታች በቀስታ ይታበሳል። ለመስኮት የተሠራ የመስታወት ማጽጃ በላዩ ያለውን ስስ ቅብ ሊያነሣው ስለሚችል አይጠቅመውም።

ስድስተኛ፤ መታገሥ ነው። ጽዳቱ ካበቃ በኋላ ላፕቶፑ ተከፍቶ በጥላ ስፍራ እስኪደርቅ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይቆይ። በፀሐይ ላይ ማስጣት ባትሪውን ስለሚጎዳ አይገባም።

አሁን ደግሞ ፈጽሞ ሊነኩት የማይገቡትን እንዘርዝር። በረኪና ቀለምን ይበላል፤ ብረትንም ያዝጋል። ላርጎና የልብስ ሳሙና አረፋቸው በቁልፎቹ ሥር ይቀራል። ላምባና ቤንዚን ፕላስቲኩን ያጠፋሉ፤ እሳትም ይጠራሉ። የቤት አረቄ አልኮል አለው ብሎ በእርሱ የሚያብስ ሰው ሰምተናል፤ አረቄ ግን ጥንካሬው ተለክቶ የታወቀ፣ ከሌላ ነገርም የጠራ ስላልሆነ ለዚህ ሥራ አይሆንም። እኛን ያሳሳተን የእጅ ሳኒታይዘርም ከእነዚሁ ወገን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ካወጣቸው ሁለት ቀመሮች በአንደኛው 80 ከመቶ ኤታኖል፣ 1.45 ከመቶ ግሊሰሮልና 0.125 ከመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይገኛል። ግሊሰሮሉ የተጨመረው የእጅ ቆዳ እንዳይደርቅ ነው። አልኮሉ ሲተን እርሱ አይተንም፤ ወፍሮና ተጣብቆ ይቀራል። ለእጅ ምሕረት የሆነው ለቁልፍ ሙጫ ሆነበት ማለት ነው።

ከጽዳት ሌላ ድንገት የሚመጣ አደጋም አለ። ሻይ ወይም ቡና በፊደሎቹ ላይ ቢፈስስ ምን ይደረግ? የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው ነውና፣ በዚህ ጊዜ መቸኮል የሚገባው ለአንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም ኤሌክትሪኩን ማቋረጥ ነው። ቻርጀሩን መንቀል፣ የማጥፊያውን ቁልፍ እስኪጠፋ ድረስ ተጭኖ መያዝ፣ ከዚያም ላፕቶፑን ከፍቶ እንደ ድንኳን በግንባሩ ደፍቶ በፎጣ ላይ ማቆም ነው። ማወዛወዝ ፈሳሹን ወደ ውስጥ ያሰራጨዋል፤ የፀጉር ማድረቂያ ግለት ፕላስቲኩን ያጣምማል፤ በሩዝ ውስጥ መቅበርም በውስጥ ያለውን ውሃ አያወጣም፤ ትቢያውን ግን ይጨምርበታል። «እስቲ ሠርቶ እንደ ሆነ ልየው» ብሎ መክፈት ከሁሉ የከፋ ነው። ስኳር ያለበት ፈሳሽ ደርቆም ቢሆን መስመሮቹን እየበላ ስለሚቆይ፣ መኪናው ደህና ቢመስልም ለባለሙያ ማሳየት ይገባል። ከመንጌ የሚኖር ሰው ለዚህ እስከ አሶሳ መሄድ ሊኖርበት ስለሚችል፣ ሳይፈስስ መጠንቀቁ ከመንገዱ ድካም ያድነዋል። የተጻፈውንም ጉዳይ በሌላ ስፍራ ግልባጩን ማኖር አይረሳ።

በመጨረሻም ስለ ቤት ሥርዓት። የቤቱ አባወራና እመቤት ተመካክረው ለላፕቶፑ አንድ የታወቀ ስፍራ ቢሰጡት፣ ከረከቦቱና ከገበታው ራቅ ቢያደርጉት፣ ልጆችም እጃቸውን ታጥበውና አድርቀው እንዲነኩት ቢያስተምሩአቸው፣ ከጽዳቱ ሥራ ግማሹ ያለ ድካም ይፈጸማል። ዳቦ ወይም ማንጎ እየበሉ መጻፍ ፍርፋሪንና ጣፋጭ ፈሳሽን ያስገባል፤ ጉንዳንም ይጠራል። በበጋ በሳምንት አንድ ቀን በብሩሽ ማራገፍ፣ በወር አንድ ቀን በጨርቅ ማበስ፣ ማታ ማታም ክዳኑን ዘግቶ ንጹሕ ጨርቅ ማልበስ ይበቃል። ክዳኑ ሲዘጋ እርሳስ ወይም የወረቀት ማያያዣ በፊደሎቹ ላይ አለመቅረቱ ይታይ፤ ስክሪኑን ይሰብራልና። ቤት የምትረዳ ልጅ ወይም የመሥሪያ ቤት ጽዳት ሠራተኛ ዕቃውን እንድታጸዳ የታዘዘች እንደ ሆነም፣ አስቀድሞ አሳይቶ ማስተማር የአዛዡ ፈንታ ነው። ሳያስተምሩ አዝዞ ሲበላሽ መቆጣት ፍርድ አይደለም።

ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ትንሹን ጉድለት ሳይበዛ ማቃናት ይሻላል። ክቡራን አንባቢዎቻችን፤ ከእናንተ ብዙዎቻችሁ የሌላው ሰው ጉዳይ በእጃችሁ የሚያልፍ ናችሁ። በላፕቶፓችሁ የሚጻፈው ደመወዝ፣ ውርስ፣ የመሬት ይዞታ፣ የልጅ ቀለብ ነው። ባለጉዳዩም ብዙ ጊዜ ማንበብ የማይችል፣ የሰጣችሁትን ወረቀት አምኖ አጥፎ በኪሱ የሚያኖር ነው። እንደ እኒያ እናት ጆሮው ነቅቶ «እንደ ገና አንብብልኝ» የሚለው ጥቂት ነው። ስለዚህ ጨርቁንና ብሩሹን ከመዝገቡ አጠገብ አኑሩ፤ ቁጥሩንም በፊደል ደግማችሁ ጻፉ። እኛም ከዚያ ወዲህ ሥራ ከመጀመራችን በፊት የዜሮውን ቁልፍ ሦስት ጊዜ ነክተን፣ ሦስት ዜሮ መጻፉን ሳናይ አንቀመጥም።